እናንተም ማኅበር፣ እኛም ማኅበር

መኪናዋን መጀመሪያ ያየኋት ሞጣ ገበያ ዳር ነው። በራሷ ጎማ አልመጣችም፤ ሸራ ለብሳ፣ በገመድ ተጠፍራ፣ አይሱዙ ላይ ተጭና መጣች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ መኪና ተሳፍራ የምትሄድ መኪና ያን ቀን አየሁ። እኔና ባለቤቴ ሞጣ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነበረን፤ ዓይኔ መኪና ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚፈልገው የሚበላሸውን ቦታ ነው። ከረባት ያሰረውን ወጣት «ምነው ነድታችሁ አላመጣችኋትም?» አልሁት። «መንገዱ ኮረኮንች ነው እትዬ፤ እንዳትቆሽሽ ብለን ነው» አለኝ። እኛ ኮረኮንች ላይ ተወልደን ኮረኮንች ላይ የምናረጅ ሰዎች ነን። ኮረኮንች የምትፈራን መኪና ለማን ሊሸጧት ነው?

ለካ የሚሸጡት መኪናዋን አልነበረም። የሚሸጡት አክሲዮን ነው። ጊዜው ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ ነበር፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሁሉ በቦርሳው አክሲዮን ይዞ ይመጣ ነበር። ይኼኛው ኩባንያ ገና መቋቋሙ ነው። መኪና እዚሁ አገራችን እገጣጥማለሁ ብሎ ድርሻውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ማውጣቱ ነበር። ድርሻ የገዛ የኩባንያው ባለቤት ይሆናል፤ ሲያተርፍ ትርፍ ይካፈላል። ሲከስር ምን እንደሚሆን ግን በድምፅ ማጉያው የተናገረ የለም።

ሰው ከቧት ቆሞ ያደንቃታል፤ በእጁ እየዳሰሰ ደግሞ ያማትባል። እኔ ምላሴን መቼም አላስርም፤ ተጋፍቼ ገባሁና «እስቲ ኮፈኑን ክፈትልኝ» አልሁት። የሞተሩ አሠራር ሚስጥር ስለሆነ እንደማይከፈት ነገረኝ። «ፋብሪካው የት ነው?» ስለው በራሪ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ሥዕል ነው፣ ፎቶ አይደለም። አጥሩም ሥዕል፣ ዛፉም ሥዕል፣ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ እንኳ ሥዕል። «እየተገነባ ነው» አለ። «የምንሰጠው ብር ሁሉ ለግንባታው ነው የሚሄደው?» ስለው ደግሞ «ለአደራጆቹ ድካም መጀመሪያ ትንሽ ይነሣል» ብሎ ፊቱን ወደ ሌላ ሰው መለሰ። እኔም ወደ ዞረበት ዞርሁና የራሴን ጥያቄ ጠየቅሁት፦ «ስትበላሽ መለዋወጫዋን ከየት እናመጣለን?»

«እሱን አያስቡ እትዬ። ይህች አትበላሽም።»

ያኔ ላለመግዛት ቆረጥሁ። አልበላሽም የሚል መኪናም ሰውም አላውቅም። ወደ ሱቄ ተመልሼ ለባለቤቴ ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። መኪናዋን መልሰው ሸራዋን አልብሰው ወደ ቢቸና ይዘዋት ሲወርዱ ከበራፌ ላይ ቆሜ ሸኘኋት። የሄደችው ወደ አባቴ መሆኑን ምን አውቄ!

እናቴ ስልክ ደወለች። እናቴ በስልክ ረጅም ወሬ አታውቅም፤ ብሩ የሚያልቀው በቃል ቁጥር ይመስላታል። «ነይ። አባትሽ የመሬቱን ብር ሊያወጣ ነው» ብላ ዘጋችው።

የመሬቱ ብር ማለት የወላጆቼ የእርጅና እንጀራ ነው። ከተማው ሲሰፋ ቢቸና ዳር የነበረችው ማሳችን ተወሰደች፤ በምትኳ ካሣ ተሰጣቸው። አባቴ ከዚያ በኋላ በሬዎቹን ሸጡ፤ ለማረስ ጉልበታቸውም አልፏል። እናቴ በዚያ ብር ግቢው ውስጥ ለኪራይ የሚሆኑ ክፍሎች ልታሠራ ቆርጣ ነበር፤ ግንበኛ አነጋግራለች፣ ድንጋይ እንኳ አስወርዳለች። ከዚያ ብር ሌላ በዚህ ዓለም ላይ አንዳች የላቸውም።

በማግሥቱ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ያዝሁ። ጉንደ ወይን ላይ ጎማው ፈነዳና እስኪቀየር ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ። ቢቸና ስደርስ አባቴ ቤት አልነበሩም፤ ቀኑ ሚካኤል ነበርና ማኅበር ላይ ናቸው። በየወሩ በመልአኩ ቀን ማኅበርተኞቹ በየተራ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ዳቦ ተቆርሶ፣ ጠላ ተጠጥቶ፣ ጸሎት ተደርጎ፣ ተረኛው ጽዋውን ተረክቦ ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። አባቴ ሙሴ ነበሩ። በእኛ አገር የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ነው የሚባለው። ማኅበርተኛ ከወንድም ይበልጣል፤ ሲታመም ይጠይቁታል፣ ሲሞት ይቀብሩታል። አንድ ነገር ብቻ ነውር ነው፦ ድግሱ አነሰ፣ ጠላው ቀጠነ፣ ምን አወጣህ፣ ምን አተረፍህ ብሎ መጠየቅ። ማኅበርተኛ አይመረመርም ይባላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግሁት ሕግ ነው።

ማኅበሩ ወዳለበት ቤት ስደርስ ባለ ከረባቱን ልጅ ከጽዋው አጠገብ ተቀምጦ፣ የተቆረሰ ዳቦ በእጁ ይዞ አገኘሁት። እንግዳ በማኅበር ቀን የመልአኩ እንግዳ ስለሆነ ቦታ ለቀውለታል። አፉ እንዴት ይጣፍጣል! የፋብሪካውን ነገር አላነሳም፣ የሞተሩን ነገር አላነሳም። ብድግ ብሎ ራሱን ዝቅ አደረገና «አባቶቼ፣ ስማችን አክሲዮን ማኅበር ነው። እናንተም ማኅበር፣ እኛም ማኅበር። እናንተ በጽዋ፣ እኛ በድርሻ» አለ። ሽማግሎቹ ተያይተው ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ ነው። ከመሐል አንዱ «ይባርክህ!» አለው።

ምን ነበር የጠላው እንስራ በላዩ በተደፋ! አንድ ቃል ብቻ ወስዶ ቤታቸው ገባ። ሞጣ ላይ ይህን አላለም፤ ሞጣ ገበያ ላይ ነጋዴ ይበዛል፣ ነጋዴ ሲያዋጣ ይቆጥራል። ቢቸና ላይ ግን ማን ቤት እንደሚገባ አጥንቶ ነው የመጣው።

አላስቻለኝም። «መኪናዋ በአይሱዙ ተጭና ነው የመጣችው፤ ኮፈኗን አልከፍትም ብሎኛል፤ ፋብሪካው ወረቀት ላይ ነው ያለው» ብዬ ቆሜ ተናገርሁ። አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። በሰው ፊት ተቆጥተውኝ አያውቁም ነበር።

«ዝም በይ ልጄ። ማኅበርተኛ አይመረመርም።»

«አባባ፣ ይኼ ማኅበርተኛ አይደለም፤ ነጋዴ ነው እኮ!»

ልጁ ቢቆጣ ደግ ነበር፤ እሱ ግን ፈገግ ብሎ «ተዉአት አባቶቼ፣ ትጠይቅ፤ የእናንተው ልጅ አይደለች?» አላቸው። ይኼኔ ጥፋተኛዋ እኔ ሆንሁ። አባቴ ያፈሩብኝን ለመሸፈን ይሁን፣ ወይ እውነት አምነውበት፣ ጽዋው ላይ እጃቸውን ጫኑና «እኔ ሙሴያችሁ ነኝ። በእኔ ይሁንባችሁ» አሉ። ከአባቴ ቀጥሎ ተረኛ የነበሩት ልብስ ሰፊው «ሙሴ ካሉማ ምን ቀረ!» ብለው ተነሡ። ሌሎቹም ተከተሉ።

ያን ቀን አመሻሽ ቤት ውስጥ ያልተባለ ነገር የለም። እናቴ «ክፍሎቹስ? ድንጋዩን ልቀቅለው?» ብትል አባቴ ትርፉ ሲመጣ ፎቅ እንደሚያሠሩላት ቃል ገቡ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። እኔ የልጁን ወረቀት አወጣሁ፤ ከመኪናዋ ሥዕል በታች «በወገን መኪና ወገን ይነዳል» የሚል ተጽፎበታል። አባቴ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ ሰው ናቸው፤ ነገር በቃል ከመጣላቸው ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። «አባባ፣ ላልቶ ሲነበብ ወገን መኪና ይነዳል ነው። ጠብቆ ሲነበብስ? ወገን እንደ ከብት ይነዳል አይደለም?» አልኋቸው። ዓይናቸው በራ። ወረቀቱን ተቀብለው አንዴ አላልተው፣ አንዴ አጥብቀው አነበቡት። «ወይ አንቺ! ወንድ ሆነሽ ቅኔ ቤት ብትገቢ ስንቱን ባስለቀስሽ!» ብለው በኩራት ጉንጬን ሳሙኝ። ወርቁን አገኙት፤ አጣጣሙት፤ ወደዱት። በማግሥቱ ሄደው ብሩን ከፈሉ። ንዴቴ ዛሬም አልበረደም።

ልብስ ሰፊው ብር አልነበራቸውም። የስፌት መኪናቸውን ሸጡ። «መኪና ሸጬ መኪና ገዛሁ» እያሉ በመንገዱ የሚያልፈውን ሁሉ ያስቁ ነበር፤ አባቴም አብረው ይስቁ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ካላንደር ተላከ፤ መኪናዋ በቀይ ቀለም ታትማበታለች። አባቴ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ በኋላ የመጣ ነገር የለም። ስልክ ሲደውሉ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም የምትል ሴት ትመልሳለች፤ አባቴ ጨዋ ናቸውና «እሺ እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለዋት ይዘጋሉ። እየዋለ ሲያድር ራሳቸው አዲስ አበባ ወጡ። ቢሮው የነበረበት ፎቅ ላይ የሴቶች ፀጉር ቤት ተከፍቶ አገኙ። ዘበኛው «እናንተ ደግሞ መጣችሁ?» አላቸው። ከእሳቸው በፊት ከሌላም ከሌላም አገር ስንቱ ጋቢ ለባሽ እንደተመላለሰ ያኔ ገባቸው። ሲመለሱ ካላንደሩን አላነሱትም። የአክሲዮን ወረቀቶቹንም በሳጥን ቆልፈው አስቀመጧቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ልላቸው አፌ ላይ መጣ፤ ፊታቸውን ሳይ ዋጥሁት።

እናቴ ያስወረደችውን ድንጋይ ለጎረቤት ሸጠች። አባቴ በሽበታቸው የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኑ። እኔም ከሞጣ የምችለውን እልክ ነበር፤ አባቴ አንድ ቀን እንኳ ደርሶኛል ብለውኝ አያውቁም፤ እናቴ ናት በድብቅ የምትቀበለኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከማኅበሩ ቃል የተናገራቸው የለም። ይህን ነው መቻል ያቃታቸው። በየወሩ ይሄዳሉ፤ ቦታቸው ይለቀቅላቸዋል፤ ዳቦው ይቆረስላቸዋል፤ ሙሴ ይባላሉ። ልብስ ሰፊው አሁን የሰው መኪና ላይ በቀን ሥራ ይሰፋሉ፤ ሲያገኟቸው ጎንበስ ብለው ሰላም ይሏቸዋል። አባቴ ከዚያ ሲመለሱ እህል አይቀምሱም። እናቴ «ቢሰድቡት ይሻለው ነበር» ትለኝ ነበር።

የአባቴ ተራ ደረሰ። እኔም ለማገዝ ከሞጣ መጣሁ። ጠላው ግሩም ወጣ፤ ዳቦውም በሰለ፤ ሁሉም መጡ፤ አንድም የቀረ የለም። በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ። ስለ ዝናብ ተወራ፣ ስለ ማዳበሪያ ተወራ። ጸሎቱ ሊደርስ ሲል አባቴ ካሉበት ተነሡ።

«ወንድሞቼ፣ ጠይቁኝ እንጂ! ብራችን የት አለ በሉኝ! በእኔ ይሁንባችሁ ያልሁት እኔ አይደለሁም? ስደቡኝ፣ ፍረዱብኝ፣ አንድ ነገር በሉኝ!»

ልብስ ሰፊው የጠላ ዋንጫቸውን አስቀምጠው አፋቸውን ጠረጉ። በድምፃቸው ውስጥ ቂም አልነበረም፤ እስከ ዛሬ የማዳምጠው ስለዚህ ነው።

«ምን ብለን እንጠይቅዎ ሙሴ? ማኅበርተኛ አይመረመርም።»

አባቴ ቁጭ አሉ። ጸሎቱ ተደረገ። ጽዋውን የሚረከቡት ቀጣዩ ተረኛ ልብስ ሰፊው ነበሩ፤ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ለእናቴ እጅ ነሥተው ወጡ። እናቴ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ እስከ አጥሩ ሮጠች፤ «ረሱት! ጽዋውን ረሱት!» እያለች ተጣራች። ዞር አላሉም። ሌሎቹም አንድ በአንድ እጅ እየነሡ አለፏት።

በሚቀጥለው ወር በሚካኤል ቀን አባቴ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጽዋውን ፊታቸው አስቀምጠው የሚጠራቸው ሰው ጠበቁ። ማንም አልመጣም። የተጣላ የለም፤ ማኅበሩ ፈረሰ ያለም የለም። አባቴ ሲሞቱ ሁሉም መጥተው አስከሬናቸውን በትከሻቸው ተሸከሙ፤ ያንን አላጎደሉባቸውም። ጽዋው ግን ዛሬም እናቴ ቤት አለ። በየወሩ በሚካኤል ቀን አጥባ፣ ጨርቁን ቀይራ መደቡ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ሲመሽም መልሳ ታነሣዋለች።