አፍንጫውን የደፋው ፒክአፕ

ኤምሬትስ ውስጥ አጅማን፣ አል ጁርፍ በሚገኘው ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ፎርማኑ አቡ ሳሚር ሜትር ሰጠኝና አንድ ፒክአፕ ፊት አቆመኝ። "ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ። የፊቱንም የኋላውንም" አለኝ። ለካሁ። የፊቱ ከኋላው በአራት ጣት ያህል ዝቅ ይላል።

"የፊቱ ሞላ ደክሟል" አልኩት በልበ ሙሉነት።

አቡ ሳሚር ሶርያዊ ነው፤ ዕድሜውን መኪና ሥር የጨረሰ። ሳቀብኝ። "ምንም አልደከመም። ባዶውን ስለሆነ ነው። ፒክአፕ ሲሠራ ጀርባው ከፍ ተደርጎ ነው፤ ዕቃ ሲጫንበት ወርዶ እኩል እንዲሆን።"

አዲስ አበባ ስምንት ዓመት ፍሬንና ሞተር ስሠራ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ዋናው ሥራችን የፊቱን ማንሳት ነበር። በረሃ የሚነዱ ወጣቶች መኪናቸው አፍንጫውን ደፍቶ ሲቆም አይወዱም። ማስተካከያውን ሌቭሊንግ ኪት ይሉታል። ርካሹ አሞርዛተሩ አናት ላይ የሚገባ ወፍራም የብረት ቀለበት ነው። የተሻለው አሞርዛተሩንና ሞላውን አንድ ላይ አውጥቶ ለመኪናው ክብደት በተሠራ አዲስ መተካት ነው። ቀለበቱ በወፈረ ቁጥር ከመሪው ጋር የተያያዙት መገጣጠሚያዎች ያለ ልካቸው ይወጠራሉ። ስለዚህ ከሥራው በኋላ ጎማው በማሽን አላይመንት ሳይስተካከል መኪናው ከጋራዥ አይወጣም።

ዕቃ ለሚጭን ሰው የፊቱን አናነሳም። ጭነቱ ጀርባውን ሲያወርደው ፊቱ ሽቅብ ይቀራል፤ የፊት ጎማዎች መንገዱን በደንብ አይቆነጥጡም፣ መሪው ይቀላል። ይህን በሁለተኛው ዓመቴ በእንቅልፌም ብጠየቅ እመልሰው ነበር። አላውቅም ነበር የማለት መብት የለኝም።

ኮሮና ሲመጣ ጋራዡ ለሳምንታት ተዘጋ። ስንመለስ ከአሥራ አንዳችን አምስት ቀረን። አላይመንት የሚሠራው ራጁ አብሮት የሚያድር ሰው ታሞ ቤት ተዘግቶበታል። አቡ ሳሚር ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ ሰበሰበን። "የገባ ደንበኛ ሹግል፣ ሥራ ሳይሰጠን አይወጣም። ካልሆነ ኸላስ፣ ሁላችንም ወደየአገራችን ነን" አለ።

በዚያ ሳምንት የገባችው አንዲት ደንበኛ ብቻ ነበረች። ሰብለ ትባላለች። ዱባይ አንድ ሆቴል ውስጥ የእንግዳ መቀበያ ኃላፊ ነበረች፤ ሆቴሉ ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም ተቀነሰች። ከባለቤቷ ጋር ሆና ያገለገለ ፒክአፕ ገዝታ ዲስከቨሪ ጋርደንስ ከሚኖሩበት ሕንፃ ጀምራ ከቤት መውጣት ለማይችሉ ሰዎች ውሃና አስቤዛ ታደርሳለች።

"የአገር ልጅ አለ ሲሉኝ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት" አለችኝ። "ወንድሜ፣ ፊቱ ተደፍቷል። የተሰበረ ነገር ይኖረው ይሆን?"

መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ ምንም አልሆነም፣ ሂጂ። አቡ ሳሚር ከቢሮው በር ላይ ሆኖ ያየኛል። "ይስተካከላል፣ እህቴ" አልኳት።

መደርደሪያው ላይ የነበረው የሦስት ኢንች ቀለበት ብቻ ነው፤ ለዚያ መኪና በጣም ወፍራም ነበር። የብሎኑ ቀዳዳ እንኳ አልገጠመም፤ በድሪል አሰፋሁት። ጎማውን በክር ለክቼ በዓይኔ አስተካከልኩት። የጭነት ቦታው ላይ ባዶ የውሃ ጋሎኖች ተደርድረው ነበር። አይቻቸዋለሁ።

"ዕቃ ስጭንበት ችግር የለውም አይደል?" አለችኝ ቁልፉን ስትቀበል።

"ምንም ሙሽኪላ የለውም።"

ከአምስት ሳምንት በኋላ ፒክአፑ በሪከቨሪ፣ በብልሽት አንሺ መኪና ተጭኖ መጣ። የፊቱ ግራ ጎን ተጨፍልቋል። ሰብለ ከሾፌሩ ጎን ወረደች፤ ቀኝ እጇ በጀሶ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ውሃ ሞልታ ወደ ዱባይ ኢንቨስትመንት ፓርክ ስትሄድ አደባባዩ ጋ ፍሬን ያዘች፤ መሪውን ጠመዘዘችው፣ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ሄዶ ከብረቱ አጥር ጋር ተላተመ። ፖሊስ ጥፋቱን በአሽከርካሪዋ ላይ ጻፈ።

ጎንበስ ብዬ ጎማውን አየሁ። አንዱ ጠርዝ በአምስት ሳምንት ሽቦው እስኪታይ ተበልቷል። በእጄ የሠራሁትን በዓይኔ አየሁት።

"ይቅርታ ወንድሜ" አለችኝ ከኋላዬ ቆማ። "ሥራህን አበላሸሁብህ። መሪው ሲቀለኝ ዝም ብዬ ነዳሁት። እኔ ነኝ ያልቻልኩበት።"

ቀና አልኩ። ልነግራት የምችለው በዚያች ደቂቃ ነበር። እኔ ግን "አይዞሽ፣ ፒክአፕ እኮ ለሴት ይከብዳል" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። "ባለቤቴም እንደዚሁ ነው ያለኝ" አለች።

ፒክአፑን ለመለዋወጫ ሸጠችው። ቀለበቶቹን ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። አቡ ሳሚር በእጁ አገላብጦ አያቸውና ቁርጥራጭ ብረት ውስጥ ወረወራቸው።

ስምንት ወር ዝም አልኩ። በእነዚያ ወራት እጅግ ጥንቁቅ ሠራተኛ ሆኜ ነበር፤ ሁለቴ እለካለሁ፣ ሦስቴ አጠብቃለሁ። አቡ ሳሚር በሰው ፊት ሲያመሰግነኝ ጆሮዬ ይግላል። በመጨረሻ አንድ ዓርብ አድራሻዋን ከጋራዡ መዝገብ ላይ ወስጄ አውቶቡስና ሜትሮ ቀያይሬ ዲስከቨሪ ጋርደንስ ሄድኩ።

በሩን ራሷ ከፈተችው። ማስክ ስላደረግሁ ቶሎ አላወቀችኝም። ደጃፉ ላይ ራቅ ብዬ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። መኪናው ሲመጣ ምንም ያልነበረው መሆኑን። ቀለበቱ ልኩ እንዳልነበረ። ጋሎኖቹን ማየቴን። ጥፋቷ እንዳልሆነ እያወቅሁ ለሴት ይከብዳል ማለቴን።

"መንጃ ፈቃዴን አላሳደስኩም" አለች። "ታክሲ ውስጥ እንኳ አደባባይ ሲመጣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። እጄ ድኗል። ይሄ ፍርሃት ግን አልለቀቀኝም።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት።

"እሱን አላውቅም።" ከዚያ ወደ ውስጥ ዞራ ጮክ ብላ ተጣራች። "ኤልያስ! እስቲ ና!"

ባለቤቷ ባንክ ነው የሚሠራው፤ ከኮሮና ወዲህ ቤት ሆኖ ይሠራ ነበር። መነጽሩን እያስተካከለ መጣ።

"አሁን ያልከውን ድገምለት" አለችኝ። "አንዱንም ሳታስቀር።"

ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከበደኝ። የሴት ነገር ላይ ስደርስ ለመዝለል ሞከርኩ፤ ሰብለ "ጨርሰው" አለችኝ። ጨረስኩት። ኤልያስ ወደ እኔ አልነበረም የሚያየው፤ ወደ እሷ ነበር። ከዚያ ወደ መሬት አየ።

"መልካም" አለችና በሩን ዘጋችው። እንደገና ትንዳ አትንዳ አላውቅም። ሄጄ ለመጠየቅም ፊት አልነበረኝም።

ሰኞ ለአቡ ሳሚር ሄጄ እውነቱን እንደነገርኳት አሳወቅሁት። "አብደሃል፤ ብትከሰንስ?" አለኝ። "ልክ ናት" አልኩት።

አሁን ከዚያ ጋራዥ ከወጣሁ ቆይቷል። በዚህ ሙያ ላሉ የምለው ይህን ነው። ፒክአፕ ላስተካክል ብሎ የመጣን ሰው አስቀድማችሁ ምን እንደሚጭን ጠይቁት። የሚጭን ከሆነ የፊቱን አትንኩ፣ ጀርባውን በባሌስትራ አጠናክሩለት። የማይጭን ከሆነ ለመኪናው የተሠራውን ግጠሙ፤ እሱ ከሌላችሁ የለንም በሉት። ከተሳሳታችሁ ደግሞ ደንበኛው ጥፋቱን የራሱ አድርጎ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ንገሩት። እኔ ስምንት ወር ዘግይቻለሁ።