ታንከሩ ሲሞላ

ሥራ የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ ነገሌ ስልክ ቤት ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ቀን አንድ ጥንድ የምሰሶ መውጫ ብረት፣ አንድ የወገብ ቀበቶ፣ አንድ ፒንሳና አንድ የመፈተሻ ስልክ ፈርሜ ተረከብኩ። ማዕረጌ ረዳት የመስመር ሠራተኛ ነበር። ቀበቶው ስለሰፋኝ በምስማር ሌላ ቀዳዳ በሳሁለት።

ፎርማኑ ጋሽ ተሾመ ይባሉ ነበር። የዚያኑ ዕለት በወደራ መንገድ ያለ አንድ መስመር ከሰዓት በኋላ እየተቋረጠ አስቸግሯል ተብሎ ይዘውኝ ሄዱ። ጠዋት ስንሞክረው ደህና ይሠራል። አዲስ ነኝና ለመታየት ቸኩዬ ብረቱን እግሬ ላይ ማሰር ስጀምር፣ ቁጭ በል አሉኝ። ግራር ሥር እስከ ስምንት ሰዓት ቁጭ አልን። ነፋስ ሲነሳ አንድ ቅርንጫፍ እየተወዛወዘ ሽቦውን መንካት ጀመረ፤ መስመሩም ተቋረጠ። ጋሽ ተሾመ ቅርንጫፉን ቆርጠው ጣሉና፣ ሲበላሽ ያላየኸውን ነገር ጠገንኩት እንዳትል አሉኝ። ሌላ ትምህርት አልሰጡኝም።

ከረዳትነት ወደ መስመር ሠራተኛ፣ ከዚያም እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ወደ ፎርማንነት ደረስኩ። ሞባይል መጥቶ የምሰሶው ሥራ ሲቀንስ ለቅቄ የራሴን ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ። ዋይፋይ በየቤቱ መግባት የጀመረው በኋላ ነው። ከነገሌ እስከ ሜጋ የተከልኳቸውን አክሰስ ፖይንቶች፣ ማለትም የዋይፋይ ማሰራጫዎች፣ ብዛት አላውቀውም። ስለነሱ ብጽፍ ብዙ የሚያኮራ ነገር ይገኝ ነበር። እኔ ግን የምጽፈው ስለማፍርበት አንድ ግቢ ነው።

ግቢው የእትዬ ጥሩወርቅ ነው፤ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ከፊት ለፊት ዋናው ቤት፣ ከጎን ሦስት የኪራይ ክፍሎች፣ ከጓሮ ደግሞ አንድ ሰፊ ክፍል አለ። ጓሮ ያለው ክፍል ውስጥ ባለቤታቸው ጋሽ ኃይሉ ተኝተዋል። ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፤ አፋቸውም ተይዟል። ዋናው ቤት ደረጃ ስላለው ነው ጓሮ የተኙት።

እትዬ ጥሩወርቅ የጠሩኝ ለዚሁ ክፍል ነበር። ልጃቸው ጎንደር ነው የሚሠራው። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይደውላል፤ አባትየው መናገር ስለማይችሉ ግን ተራ ስልክ ምንም አይጠቅማቸውም። ልጁን ማየት አለባቸው፤ ልጁም የአባቱን ግራ እጅና ዓይን ማየት አለበት። የሚነጋገሩት እንደዚያ ነው። የዋናው ቤት ዋይፋይ ደግሞ ጓሮ አይደርስም። እትዬ ጥሩወርቅ፣ ሌላው ቢቀር እሱ ልጁን ይይልኝ አሉኝ።

ሥራው ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ከዋናው ቤት እስከ ጓሮ ቦይ ቆፍሮ፣ ኬብሉን በቱቦ አሳልፎ ሁለተኛውን አክሰስ ፖይንት በሽቦ ማገናኘት ነው። ሁለተኛው፣ አክሰስ ፖይንቱ ከዋናው ቤት በአየር ተቀብሎ እንዲያስተላልፍ ማድረግ ነው። የነገሌን መሬት ዶማ ይዞ የሞከረው ያውቀዋል። እኔ በአየር ይሆናል አልኩ።

ጓሮው መሀል ላይ የውሃ ታንከር በሲሚንቶ መቀመጫ ላይ ተቀምጧል። የተከልኩ ዕለት ባዶ ስለነበር በአንድ እጄ ገፋ አድርጌ መሰላሌን አጠገቡ አቆምኩ። አክሰስ ፖይንቱን በጓሮው ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከታንከሩ ትይዩ አሰርኩት። ስሞክረው ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ጋሽ ኃይሉ ልጃቸውን አይተው አለቀሱ። እኔም እንደ ትልቅ ሰው ተመርቄ ወጣሁ።

ያኔ በዚያ ሰፈር ውሃ በፈረቃ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነበር የሚመጣው። የዚያን ዕለት ታንከሩ ይሞላል፣ ተከራዮችም ጀሪካኖቻቸውን ይሞላሉ። ያልቀዳ እስከ ቀጣዩ ፈረቃ ጎረቤት ሲለምን ይከርማል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔም ቤት እንደዚያው ነው። ከሥራዬ ጋር አላገናኘሁትም እንጂ።

ሳምንት ሳይሞላ እትዬ ጥሩወርቅ ደወሉ። ጓሮ ጠፍቷል አሉ። እኔ እመጣለሁ ብዬ ሁለት ሦስት ቀን አሳልፌ እደርሳለሁ፤ ስደርስ ይሠራል። አጥፍቼ አበራዋለሁ፣ ቻናል እቀይራለሁ፣ አዳፕተሩን በሌላ እተካለሁ፣ እሄዳለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይደወላል። እንዲህ እያልን ሦስት ጊዜ ተመላለስን። በመጨረሻ እትዬ ጥሩወርቅ በለሰለሰ ድምፅ፣ የማትችለው ከሆነ ከሐዋሳ ሰው እናስመጣ እንዴ አሉኝ። ይቺ ክብሬን ነካችኝ።

በንጋታው ቅዳሜ ነበር፤ ተናድጄ ሄድኩ። ጓሮው ሄድ መለስ እያለ ነው ተባልኩ። እኔ ግን ጓሮ አልሄድኩም። ሳሎን ቁጭ ብዬ በስልኬ ራውተሩን ከፈትኩና የተገናኙትን ስልኮች ዝርዝር አየሁ። ከቤተሰቡ ሌላ አንድ ስልክ አለ። የማን ነው ስል፣ የሎኮ ነው አሉኝ።

ሎኮ ከተከራዮቹ አንዷ ናት። የሜጋ ልጅ ናት፤ ከብት ከሚከትቡት ጋር እየተቀጠረች በነገሌ ዙሪያ ያለውን የሊበን ገጠር ትዞራለች። ወደ ከተማ የምትገባው ውሃ በሚመጣበት ሰሞን ነው፤ ቀድታ፣ ልብሷን አጥባ፣ ሦስት ቀን ቆይታ ትመለሳለች። ክፍሏ ከጋሽ ኃይሉ በር ትይዩ ነው። ግቢ ስትኖር አሥር ሰዓት ላይ ስልኩን ይዛ ለሽማግሌው የምታሳያቸው እሷ ነበረች፤ የይለፍ ቃሉም የተሰጣት ለዚሁ ነው። ይህን ሁሉ ያኔ አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ነገር፣ የሚጠፋው እሷ ስትኖር ነው ወይ የሚል ብቻ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ አሰቡና፣ አዎ፣ እሷ ስትመጣ ይጠፋል አሉ። ቀጥለውም፣ ግን እሷ ከሄደች በኋላም ሁለት ቀን ያህል ይጠፋል አሉኝ። እኔ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ሲስተሙ እስኪረጋጋ ነው አልኳቸው። እንዲህ የሚባል ነገር የለም።

በረንዳ ላይ ወጥቼ፣ ተከራዮቹ ሁሉ እየሰሙ፣ ኢንተርኔቱን የምትጨርሰው ይህች ልጅ ናት አልኩ። ሎኮ ጀሪካኗን አስቀመጠች። ስለ ከብት በሽታ የሚያስተምር ቪዲዮ እንደምታይ አልካደችም። ከዚያ በዚያ ዝግ ባለ አማርኛዋ እንዲህ አለችኝ፦

“ጋሼ፣ ውሃ ሲመጣ ነው የሚጠፋው። ስልኩን ይዤ ስቆም ከታንከሩ ወዲህ ይሠራል፣ ከታንከሩ ወዲያ አይሠራም። ሲጎድል ይመለሳል።”

እኔ ሳቅሁ።

“እህቴ፣ ዋይፋይ በቧንቧ የሚመጣ መሰለሽ እንዴ?”

ተከራዮቹም ሳቁ። ቀልደኛ ነኝ፤ ሰው ማሳቅ እችልበታለሁ። ሎኮ ጀሪካኗን አንስታ ገባች።

የይለፍ ቃሉን ቀይሬ ለእትዬ ጥሩወርቅ ብቻ ሰጠሁ። በሚቀጥለው ፈረቃ እንደገና ጠፋ። እዚህ ላይ ነበር ማሰብ የነበረብኝ፤ የልጅቷ ስልክ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። እኔ ግን አፌን ሞልቼ፣ አዲሱን የይለፍ ቃል ከሌላ ሰው ስልክ ሰርቃ ወስዳ ይሆናል አልኩ። ሰርቃ የሚለው ቃል ከአፌ ወጣ። እትዬ ጥሩወርቅ ልጅቷን ጠርተው ጠየቋት፤ አልወሰድኩም አለች። አላመኗትም፤ በእኔ ላይ ነበር እምነታቸው። ቤቱን በወሩ መጨረሻ እንድትለቅ ነገሯት። ወሩ እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ዕቃዋን ይዛ ስትወጣ ጋሽ ኃይሉ በር ላይ ቆማ “ናጋቲ፣ አባ” ብላ በኦሮምኛ እንደተሰናበተቻቸው ከተከራዮቹ አንዱ ነገረኝ። ነገሌ ትንሽ ከተማ ናት፤ የሰው ኢንተርኔት ትሰርቃለች የሚለው ወሬ ቀድሟት ሄዶ ሌላ የሚያከራያት አላገኘችም። ወደ ሜጋ ተመለሰች ሲባል ሰማሁ።

እሷ ከሄደች በኋላ እትዬ ጥሩወርቅ ለተከራዮቹም ዋይፋይ እንዳዳርስላቸው ጠሩኝ። ሦስተኛ አክሰስ ፖይንት መሆኑ ነው። የሄድኩት ጠዋት ነበር፤ የውሃ ቀን መሆኑን አላስተዋልኩም። ጓሮው ክፍል ውስጥ ሆኜ የሲግናሉን ጉልበት በስልኬ እለካለሁ። ከውጭ ውሃ ታንከሩ ውስጥ ሲወርድ ይሰማል። ቁጥሩ ወረደ። ቆየት ብሎ ደግሞ ወረደ። ከዚያ ጠፋ።

ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ከታንከሩ ወዲህ፣ በዋናው ቤት በኩል ስቆም ይሠራል። ዞሬ በጓሮው በኩል ስቆም የለም። ታንከሩን በጣቴ አንኳኳሁት፤ ከአክሰስ ፖይንቱ ቁመት በላይ ድረስ ሞልቷል። ባዶ ፕላስቲክ ሲግናል ያሳልፋል፣ ያን ያህል ውሃ ግን አያሳልፍም። ይህን ከሙያው መጽሐፍ አንብቤው ነበር። ልጅቷ ከየትም ሳታነብ ቆማ አይታ ነገረችኝ፣ እኔ ሳቅሁባት። 

ዶማ አስመጥቼ ሁለት ቀን ሙሉ በገዛ እጄ ቦይ ቆፈርኩ። ኬብሉን በቱቦ አሳልፌ፣ ጫፉን ቆንጥጬ፣ በቴስተር ስምንቱንም ሽቦ ፈትሼ አገናኘሁት። እትዬ ጥሩወርቅ፣ ምን ሆኖ ነበር አሉኝ። ቻናሉ ነበር፣ አስተካከልኩት አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። አሜን አልኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀንም አልጠፋም። ጋሽ ኃይሉ ልጃቸውን በየቀኑ እያዩ ቆዩና በዓመቱ ግድም አረፉ። ለቅሶ ሄጄ ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጥኩ። ልናገር አሰብኩ፤ ለቅሶ ላይ አይሆንም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ለቅሶ ባልሆነበት ቀንም አልተናገርኩም።

ሎኮን ያገኘኋት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ሜጋ ላይ አንድ ፔንሲዮን በየፎቁ አክሰስ ፖይንት እንድተክል ጠርቶኝ ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ከመንገዱ ማዶ፣ የከብት መድኃኒት ከሚሸጥበት ቤት በር ላይ ቆማ አየኋት። ተሻገርኩ። “አካም” ብዬ በቋንቋዋ ሰላም አልኳት። “ናጋ” አለችኝና ወንበር ሰጠችኝ። ረስታኝ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልረሳችኝም።

ውሃው ነበር አልኳት። አንቺ እንዳልሽው ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ፦

“እትዬ ያውቃሉ?”

አልነገርኳቸውም አልኩ።

“እንግዲያው ለእኔ ምን ሊነግሩኝ መጡ፣ ጋሼ? እኔማ ያኔም አውቀው ነበር።”

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ያ ባሰብኝ። ደንበኛ ገባና ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔም የፔንሲዮኑን ሥራ ጨርሼ ነገሌ ስገባ፣ ሱቄን ሳልከፍት በቀጥታ ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ግቢ ሄድኩ።

ከድሮዎቹ ተከራዮች ሁለቱ ገና አሉ። በረንዳው ላይ እንዲወጡልኝ ለመንኳቸው። ያን ቀን በቆምኩበት ቦታ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ቦዩን ላለመቆፈር በአየር እንዳደረግኩት፣ ውሃው እንደሆነ፣ ልጅቷ ነግራኝ እንደሳቅሁ፣ ሰርቃ ያልኩት ውሸት እንደሆነ፣ ካወቅኩ በኋላም ቻናል ነው ብዬ እንደዋሸሁ። ይህን ጊዜ የሳቀ የለም።

 ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ጓሮው እያዩ እንዲህ አሉ፦

“እሷ ከሄደች ወዲህ በዚያ ደህና እጁ ወደ በሩ ይጠቁም ነበር። ብርድ መስሎኝ፣ ዝጊልኝ የሚል መስሎኝ በሩን እዘጋበታለሁ። እንደገና ይጠቁማል፣ እንደገና እዘጋበታለሁ። እስኪሞት ድረስ። ለካ የእሷን በር ነበር የሚያሳየኝ።”

 የሎኮን ስልክ ቁጥር ሜጋ ላይ ከመድኃኒት ቤቱ በር ገልብጬ ይዤ ስለነበር ጻፍኩላቸው። ደውለውላት እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኩም፤ የመጠየቅ መብትም የለኝም።

ለሙያው ወጣቶች ያለኝ ይኸው ነው። ሁለተኛ አክሰስ ፖይንት ስትተክሉ በኬብል ይሁን። ጠፋ ሲሏችሁ በጠፋበት ሰዓት፣ ጠፋ ያሉበት ክፍል ድረስ ሂዱ። እዚያ የሚኖረው ሰው ያየውን ሲነግራችሁ አትሳቁ። ከተሳሳታችሁም በዚያው ሳምንት ተናገሩ፤ እኔ ስናገር ጋሽ ኃይሉ አልነበሩም።