አልቃና ያለው ክርኔ

በልጅነቴ ከዋንዛ ዛፍ ወድቄ የግራ ክርኔ ተሰበረ። የመንደራችን ወጌሻ በቀርከሃ ፍልጥ ጠፍረው አሰሩልኝ፤ ሲፈታ ክንዴ እንደ ማጭድ ጎብጦ ቀረ። "ስታድጊ ይቃናል" አሉ። እኔ አደግሁ፣ አገባሁ፣ ወለድሁ፤ እሱ ግን ወይ ፍንክች! ይባስ ብሎ ስጎለምስ ትንሿ ጣቴና ጎረቤቷ ይደነዝዙ ጀመር።

በደርግ ጊዜ ደግሞ ግራ እጅን ቀጥ አድርጎ መፈክር ማሰማት መጣ። ቀኙ ምን እንዳጠፋ እንጃ። ወጌሻውም የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ሆኑ፤ አጥንት ሲያስሩ የኖሩት ሰውዬ ሰውም ማሰር ጀመሩ።

ያን ጊዜ ልጄ ፈረስ ቤት ከተማ ተድራ የበኩር ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላው አያሳልፍም። ወረቀቱን ልጠይቅ ብሄድ ስብሰባ ላይ ደረስሁ። ከፍኖተ ሰላም የመጣ ለጋ ካድሬ መፈክር ያወርዳል። ሁሉም ግራ እጁን ሰቀለ፤ የእኔው ጆሮዬ ሥር ደርሶ ቆመ፣ አጠገቤ ያለውን ሰው በቡጢ ልል የቃጣሁ መስሎ።

"ጓዲት! ክንድሽን ዘርጊ!"

"አይዘረጋም፣ ጌታዬ።"

"ጌታ የሚባል የለም! ዘርጊ!"

"በልጅነቴ ተሰብሮ ነው። አያ ሊቀመንበር ያውቃሉ፤ ያሰሩት እሳቸው ናቸው።"

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ የጠገንሁት አጥንት ጠማማ ወጥቶ አያውቅም" አሉ።

"እንግዲያው አውቃ ነው፤ አድኃሪ ናት። ይለፍ የላትም" አለ ካድሬው።

ልጄ ያለ እናት ልታምጥ ነው። እኒህ ሰውዬ ሙያቸው ከሚታማ እኔ አድኃሪ ብባል መረጡ! ሄጄ ፊታቸው ቆምሁ።

"በሉ ጠማማ ካልሆነ ይዘርጉልኝ፤ ሕዝብ ይየው።"

በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቡ። ጮህሁ። ደግሞ ሳቡ። ላብ አጠመቃቸው፤ ክርኔ አልነቃነቅ አለ። ከኋላ አንዲት ሴት "ኧረ በሬ ይጠመድላቸው!" ብትል ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። ሊቀመንበሩ ተናደዱና፣

"ድሮም ሳስራት እየተፈራገጠች ነው ያበላሸችው!" ብለው ጮኹ።

ካድሬው ራሱ ሳቁ አመለጠው። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ይለፏን ስጣት" አለ።

ፈረስ ቤት ስደርስ ልጄ ምጥ ላይ ነበረች፤ በሰላም ተገላገለች። የልጅ ልጄን በጎባጣው ክንዴ ታቀፍሁት፤ ጣቶቼ ስለማይሰሙኝ እንዳይወድቅ ዓይኔን ሳልነቅል።

ከዚያ ወዲህ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ሊቀመንበሩ ቀድመው ደጄ ይመጣሉ። "አንች፣ ዛሬ ዘመድ አትጠይቂም? ቡሬ በይ፣ ዱርቤቴ በይ" ብለው ይለፉን ሳልጠይቅ ያስጨብጡኛል። ሥራቸውን ሕዝብ ፊት እንዳልሰቅለው ነው። እኔም እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ያገሩን ገበያ ሁሉ በእሳቸው ክርን ዞርሁት።