ከማስታወቂያው ጀርባ

በሐይቁ ዳር ካለችው የጀልባ መቆሚያ ሠላሳ አንድ ዓመት ትኬት የቆረጡት ሴት ማንንም አይፈሩም፤ አለቃቸውንም ጭምር። ሰፈሩ «እትዬ ትኬት» ይላቸዋል። የሚሠሩባት የጣውላ ክፍል ከአንድ ሰው በላይ አትይዝም። ወንበር፣ መስኮት፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ጃንጥላ፣ በቃ። ግድግዳዋ ላይ ግን በእርሳስ የተሰመሩ ብዙ መስመሮች አሉ። ሐይቁ በየክረምቱ ሞልቶ ክፍሏ ውስጥ ሲገባ እስከ የት እንደደረሰ እትዬ ራሳቸው ያሰመሯቸው ናቸው። እግራቸው ውሃ ውስጥ ሆኖም ትኬት ይቆርጡ ነበር።

እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ሲመጣ መጀመሪያ አበባው አምሮት ፎቶ የተነሳ ሁሉ ነበር። በሁለተኛው ዓመት የሞተሩ ፕሮፔለር ላይ እየተጠመጠመ ጀልባዋን ከነአካቴው አቆማት። የጀልባዋ ነጂ የእትዬ ታናሽ ወንድም ነው። ሥራው ከቆመ ወዲህም ጠዋት ጠዋት ይመጣል፤ አረሙ መሃል የታሰረችው ጀልባ ላይ ወጥቶ ያልቆሸሸ ሞተር ሲወለውል ይውላል። ከሰው ጋር መነጋገር ትቷል። እትዬ በመስኮታቸው እያዩ ያዝኑለታል።

አንድ ሰኞ አለቃቸው፣ የትራንስፖርት ቢሮው ኃላፊ፣ መጥቶ መስኮቱ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። የጀልባዋ መንገድ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተከፈተ መቆሚያው ይዘጋል፣ ጀልባዋም ወደ ሌላ ከተማ ትዛወራለች ይላል።

«ማን ነው የሚከፍተው?» አሉት እትዬ። ተማሪ ሳለ ትኬት እየቆረጡ ያሻገሩት ልጅ ስለሆነ «አንቱ» ማለት አይሆንላቸውም።

«በጀት የለንም እኮ፣ እትዬ።»

«በጀት አለህ ወይ አልኩህ? ማን ነው ያልኩህ።»

ኃላፊው ሙጫውን ኪሱ ከትቶ ሄደ። እሳቸው ማስታወቂያውን ልጠው ገለበጡና ጀርባው ላይ በዚያችው እርሳስ ጻፉ፦ «ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት እምቦጭ እንነቅላለን። ጓንት ያለው ጓንቱን፣ የሌለው እጁን ይዞ ይምጣ።» መልሰው ለጠፉት።

አሥራ አንድ ሰው መጣ። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ቦት ጫማ ተውሶ ነበር፤ አንዱ ከአንዱ ይሰፋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» ብሎ ንግግር ሲጀምር እትዬ «ድሩን ተውና ገመዱን ያዝ» አሉት። ጡረታ የወጣችው አዋላጅ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገብታ ሥሩን ስትጎትት ዋለች። እርጥቡ እምቦጭ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ከሰዓት በኋላ አዋላጇ ወገቧን ይዛ ስትቆም እትዬ አዘኑላትና «ምን ያደክማችኋል፣ እዚሁ ዳር ላይ ከምሩት» አሉ። ማታ ሁሉም እየተሳሳቀ ወደ ቤቱ ገባ።

እሁድ ዝናቡ ከነነፋሱ ወረደ። ሐይቁ ሞላ፤ ክምሩን ካለበት አንስቶ ወደ መንገዱ መለሰው። ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ዳር ላይ ቆሞ ሳቀ።

«እትዬ፣ ‹ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ› ሲባል አልሰሙም?»

ሌላ ቀን ቢሆን የሚመልሱለት አያጡም ነበር። ያን ቀን ግን ጀርባቸውን ሰጥተውት ሄዱ። ክፍላቸው ገብተው መስመሮቹን ሲያዩ ደማቸው ፈላ፤ በእሱ ሳይሆን በራሳቸው።

ቅዳሜ ሰዎቹ ሲሰበሰቡ ወንበራቸው ላይ ቆሙ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ውሃው የት እንደሚደርስ ሠላሳ አንድ ዓመት ያሰመርኩ ሴትዮ ክምሩን ከመስመሩ በታች አስቀመጥኩላችሁ። መሳደብ የሚፈልግ አሁኑኑ ይሳደብና ወደ ሥራ!»

«ስድቡስ ነበረኝ፣» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «ጊዜው የለንም እንጂ።»

ከዚያ በኋላ ክምሩ የሚያርፈው ከክፍሏ ጀርባ፣ ዳገቱ ላይ ሆነ። በሁለት እንጨትና በጆንያ ቃሬዛ ሠሩ፤ ሽቅብ ስልሳ እርምጃ ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ እትዬ ደከሙ። ቃሬዛውን ሊያስቀምጡ ሲሉ ሸክሙ ድንገት ቀለላቸው። ወንድማቸው ከጀልባዋ ወርዶ እሳቸው የያዙትን የፊት ጫፍ ይዞላቸው ነበር።

«እትዬ፣ አንቺ ከኋላ ግፊ» አለ። በሁለት ወር ውስጥ የሰሙት የመጀመሪያ ቃሉ ነው። እትዬ ደስ አላቸው፤ ግን «ቀጥ ብለህ ሂድ፣ ታፈሰዋለህ!» ብለው ጮኹበት።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ እስኪመጣ የሚጠብቅ አልነበረም። ሰው ከሥራ መልስ እየመጣ ይነቅላል። በወሩ መጨረሻ ኃላፊው ደብተሩን ይዞ ሲመጣ ከመቆሚያው እስከ ጥልቁ ውሃ ድረስ አንድ ጀልባ የሚያሳልፍ መንገድ ተከፍቶ አገኘ። ግራና ቀኙን ባዶ ጀሪካን የታሰረበት ገመድ እምቦጩን ገትቶ ይዞታል። ወንድማቸው ሞተሩን አስነሳ፤ ወጣ፣ ዞረ፣ ተመለሰ።

ኃላፊው ደብተሩን ዘጋ። «ጎበዞች ናችሁ። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ በሁለት ወር ተመልሶ ይሸፍነዋል።»

«አዎ፣ ይሸፍነዋል» አሉ እትዬ።

«ታዲያ ምን ዋጋ አለው? ለመሆኑ ማስታወቂያዬስ የት ገባ?»

«ከለጠፍክበት አልተነቃነቀም።» እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አወረዱና በተገለበጠው ወረቀት ላይ ከጽሑፋቸው ሥር አንድ መስመር ጨመሩ፦ «ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እምቦጩ እስኪሰለቸው ድረስ።» ከዚያ ክፍላቸው ገብተው መስኮቱን ከፈቱ።

«ትሳፈራለህ? ካልተሳፈርክ ገለል በል፤ ከኋላህ ሰው ቆሟል።»