ከኦዴት ምሳ የተረፈው

ሎርን ሃስኬት ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነው። እዚሁ ከተማችን ፔተርቦሮ፣ እንጨት መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። ሚስቱ ኮሪን ጥላው ከሄደች ወዲህ የስምንት ዓመት ልጃቸው ኦዴት አንዱን ሳምንት እሱ ጋ፣ ሌላውን እናቷ ጋ ታሳልፋለች። እኔ ደግሞ ኦዴት በምትማርበት ትምህርት ቤት በምሳ ሰዓት ልጆች እጠብቃለሁ። ስለዚህ የዚያን ቤት ነገር ከሁለት በኩል አየዋለሁ። አልሰማም ብል እንኳ ግድግዳው ስስ ነው።

ትምህርት ቤታችን ልጆች በሚበሉበት ክፍል ቆሻሻ መጣያ አያስቀምጥም። ልጁ ይዞት የመጣው ሁሉ፣ ልጣጩም የተረፈውም፣ በምሳ ዕቃው ተመልሶ ቤቱ ይገባል። ቆሻሻ እንዳይበዛ፣ ወላጅም ልጁ ምን እንደበላና ምን እንደተወ እንዲያይ ነው አሉ። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች እርጎ የፈሰሰበት ቦርሳ አጥበው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ሎርን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ከሱቅ ያገኘውን የታሸገ ነገር ሁሉ ቦርሳዋ ውስጥ ጠቅጥቆ ላካት። ማታ በሬን ሊገነጥለው ደረሰ። በእጁ ሙሉ ላስቲክና ወረቀት ጨብጧል።

«ቨርና፣ ቆሻሻውን መልሰው ላኩልኝ እኮ!»

«ያንተ አይደል እንዴ? ማን እንዲወስድልህ ፈለግህ?»

«ልጆቹ ሳቁባት።»

ይህን ሲል ድምፁ ወረደ። እኔም ቀልዴን ዋጥኩ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ሰውዬ ሎርን ነው ብሎ መቀበል ከበደኝ። ዕንቁላል መቀቀል የማያውቅ ሰው እኮ ነው። አራት ክፍል ያለው የብረት ምሳ ዕቃ ገዛ፣ ክዳኑ ላይ ስሟን በምስማር ጫረበት። ለሾርባ ትንሽ ቴርሞስ ጨመረ። አሮጌ ሸሚዙን ቀዶ የአፍ መጥረጊያ ሰፋላት፤ ስፌቱ ጠማማ ነው፣ ግን ታጥቦ ተመልሶ ይሄዳል። ፖሙ እንዳይጠቁር ሎሚ ይነካዋል። ይባስ ብሎ መጋዘን ውስጥ የባልደረቦቹን ምሳ መተቸት ጀመረና ሰውን ሁሉ አሰለቸ።

ያም ሆኖ ምሳ ዕቃው በየቀኑ ግማሽ እየሆነ ይመለስ ጀመር።

ማታ ማታ ለኦዴት ትኩስ ነገር ይሠራላታል። ለራሱ አይሠራም። ኮሪን ከሄደች ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎታል፤ ለልጅ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ስለዚህ የልጅቷን ምሳ ዕቃ ይከፍትና ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆሞ የተረፈውን ይበላል። አንድ ቀን የተዋስኩትን መጥበሻ ልመልስለት ስገባ አገኘሁት።

«ራትህ ይሄ ነው?»

«ምን አነሰው? ምግብ አይደፋም።»

ኦዴት ማካሮኒዋን እየበላች ታየው ነበር። ዓይኗ ከእጁ ወደ አፉ፣ ከአፉ ወደ እጁ ይመላለሳል። እኔ ልጅ ናት ብዬ ልብ አላልኳትም።

ሎርን የሠራሁት አልጣማትም ብሎ ነው ያሰበው። ፎርማጆውን በኮከብ ቅርጽ ቆረጠ። ሽምብራ ፈጭቶ በነጭ ሽንኩርት ለወሰ። እሱ ምሳውን ባሳመረ ቁጥር እሷ የምታስተርፈው እየበዛ ሄደ። የእናቷ ሳምንት ሲሆን ግን ፍርፋሪ አይቀራትም። ክፍል ውስጥ በዓይኔ ያየሁት ነው። «ለምን ትተዪዋለሽ?» ስላት «ጠገብኩ» ትለኛለች።

ነገሩ ኮሪን ጆሮ ገባ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ የልጅቷ ሱሪ ወገቧ ላይ ሲላላ አይታ ነው። እስከ ፋሲካ ካልተስተካከለ ቅዳሜና እሑድ ብቻ እንድታየው አደርጋለሁ አለችው። ሎርን መጥቶ ኩሽናዬ ውስጥ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ሳምንቴን ልትወስድብኝ ነው። ምን ልሥራላት? አንቺ ታያታለሽ አይደል፣ ምን ትወዳለች?»

«ነገ ምሳ ላይ ልያት» አልኩት።

በማግስቱ ምሳ ላይ ዓይኔን ከኦዴት አልነቀልኩም። ዕንቁላሉን ለሁለት ከፍላ ግማሹን በላች። ግማሹን መለሰችና ካሮቱን ጎኑ ደረደረች። ከፎርማጆው ትልልቁን መርጣ አስቀመጠች። ከዚያ በዚያ ስፌቱ በጠመመ ጨርቅ አለበሰችው። የጠገበ ልጅ እንዲህ አያደርግም። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«አንቺ፣ እንግዳ አለብሽ እንዴ?»

ግራ ቀኝ አየች። «ለአባዬ ነው። ራቱ ነው። እኔ ከጨረስኩት ምን ይበላል?»

«አንቺስ አይርብሽም?»

«ይርበኛል። ግን እኔ ማታ ማካሮኒ አለኝ። እሱ የለውም።» ቀጥላ ደግሞ እጄን ያዘችኝ። «እትዬ ቨርና፣ ለእማዬ እንዳይነግሯት፣ እሺ?»

አንጀቴን በላችው። በሎርንም ተናደድኩ።

ከሥራ ተመልሶ በረዶ ሊጠርግ አካፋውን ይዞ ሲወጣ ጠብቄ ነገርኩት። ደረጃው ላይ፣ በረዶው ላይ ተቀመጠ።

«እኔ እኮ ጠላችው ብዬ… እየመገበችኝ ነው?»

«እየመገበችህ ነው። እንግዲህ እንደ ሰው ራትህን ብላ። ሌላ መድኃኒት የለውም።»

የዚያን ዕለት ማታ ሁለት ሳህን አቀረበ። በግድግዳው በኩል ሰማኋቸው።

«ሳህንህን አሳየኝ።»

«ኧረ በላሁ!»

«ጥግ ላይ ያለውስ?»

«ምን ዓይነት ፖሊስ ናት ይቺ!»

በማግስቱ ምሳ ዕቃው ባዶውን ተመለሰ። ሎርን በአጥሩ ላይ ከፍቶ አሳየኝ፤ ፍርፋሪ እንኳ የለበትም። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ኮሪንም ሰምታ የፋሲካውን ነገር ተወችው። እሑድ ልትወስዳት ስትመጣ ኦዴት መኪና ከመግባቷ በፊት ወደ እኔ ሮጠች።

«እኔ የሌለሁ ጊዜ ማን ያየዋል?»

«እኔ አየዋለሁ» አልኳት።

ሰኞ ማታ የቦሎቄ ሾርባ ይዤ አንኳኳሁ። ሎርን ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆሟል። የኦዴት ምሳ ዕቃ ፊቱ ተከፍቷል። ግማሽ ዕንቁላል፣ የተደረደረ ካሮት፣ ላዩ ላይ ያ ጨርቅ።

«ረስታው ሄደች እንዴ?»

«አይ፣ አልረሳችውም። ይሄ እኔ ቤት የሚቀር ነው፣ እናቷ ጋ ሌላ አላት።» ቀና ብሎ አላየኝም። «ጠዋት አዘጋጅቼ ሥራ ቦታ ይዤው ሄድኩ። ግማሹን ምሳ ሰዓት ላይ በላሁት። ግማሹን ደግሞ… እሷ እንደምታደርገው አድርጌ አስቀመጥኩት። ሙሉ ሳህን ብቻዬን አይወርድልኝም፣ ቨርና። ከሷ የተረፈ ሲመስለኝ ይወርዳል።»

ሾርባውን አስቀምጬለት ዕንቁላሉን እስኪጨርስ ቆምኩ። በሳምንቱ ውስጥ ደጋግሜ ሄድኩ፤ ሁልጊዜ እንዲሁ ነበር። ሾርባዬን ፍሪጁ ውስጥ አየሁት፣ ማንኪያ አልነካውም።

እሑድ ኦዴት ተመልሳ ጫማዋን ሳታወልቅ በሬ ላይ ደረሰች።

«በላ?»

«በላ።»

«ሲበላ አዩት? ጨረሰ?»

«አየሁት። ምንም ሳያስተርፍ ጨረሰ» አልኳት።

እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ እየዘለለች ወደ አባቷ ሄደች። የነገርኳት እውነት ነው፤ የበላው ከምሳ ዕቃዋ መሆኑን ግን አልነገርኳትም። በሩን ዘግቼ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።