ጥቁሩ ገብሳችን ያለቀበት ዘመን

ከገነተ ማርያም በላይ ባለው ደጋችን፣ አጨዳ ሲደርስ ከማጭድ በፊት ሴት ትገባ ነበር። አማቴ ከወንዶቹ ቀድመው በጥቁሩ ገብስ መሐል ይሄዱና ውርጭ ያልነካውን፣ ቶሎ የደረሰውን ዛላ እየመረጡ ይቀነጥቡ ነበር። የመጪው ዓመት ዘር እሱ ነበር። ከሳቸው በፊት አማታቸው፣ ከዚያም በፊት የአማታቸው አማት እንዲሁ አድርገዋል። ገብሱ ውርጭ መቻልን የለመደው እንዲህ ቀስ እያለ ነው።

በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ፣ ፊደል ያስቆጠረን ከከተማ የመጣ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ፍጥረት ሁሉ በረጅም ዘመን ጥቂት በጥቂት እንደሚለወጥ፣ ደግሞም ብዙው ባንድ ላይ ያለቀበት ጊዜ እንደነበረ ነገረን።

«ምን በድሎ ነው ያለቀው?» አልሁት።

«ምንም አልበደለም፣ እትዬ። ብርዱ ወይ ድርቁ ድንገት መጣበት፤ ለመለወጥ ጊዜ አላገኘም።»

«ሳይበድል? ታዲያ ፍርዱ የታለ?»

አብረውን ሊሰሙ የመጡት የመንደራችን ቄስ ከኋላ ሆነው፣ «አንቺማ ለዝንብም ዳኛ ይቁምላት ትያለሽ» ብለው አሳቁብኝ።

ከዚያ የሰባ ሰባቱ ድርቅ መጣ። የዘራነው አፈር ውስጥ ቀረ። የተረፈችን ዘር ከምድጃው በላይ በተሰቀለች ቅል ውስጥ ነበረች። አማቴ «ዘር አይበላም» ብለው ከሥሯ አልነሣ አሉ።

«እማማ፣ ልጆቹ ካለቁ ማን ሊዘራት?»

በማግስቱ ቅሏን ራሳቸው አውርደው ዘሯን ቆሏት። ሳካፍል ለጎረቤታችን ልጆችም እኩል ዘገንሁ።

«የኔን ዘር ለሰው ልጅ?»

«ረሃቡ መቼ የሰው ልጅ ብሎ ለየ፣ እማማ?»

ትንሿ ልጄ አልተረፈችም። አማቴም አልተረፉም።

ዝናብ ሲመለስ ዘር ፍለጋ መንደር ለመንደር ዞርሁ፤ ያለው ሰው አጣሁ። በመጨረሻ በይምርሐነ ክርስቶስ በኩል ወደ ተዳረችው የባሌ እህት ሳቀና፣ መንገድ ላይ አገኘኋት። ባዶ ስልቻ ይዛለች።

«ወዴት ነሽ፣ እቴ?»

«አንቺው ዘንድ። ከጥቁሩ ገብስ እፍኝ አታጪም ብዬ ነዋ።»

ስልቻዬን ገልብጬ አሳየኋት። መንገዱ ዳር ተቀመጥን፤ ማንኛችንም አላለቀስንም።

የእርዳታውን ስንዴ ዘራሁ። የሌላ አገር እህል ነው፣ ደጋችንን አያውቅም። ለምልሞ ለምልሞ እሸት ሊሆን ሲል ውርጭ መታው። ሰው «አይዞሽ፣ ውርጭ የሚችለው ዘር ቀስ ብሎ ይወጣል» ይለኛል። ይወጣ ይሆናል። እኔ ግን አልደርስበትም፤ ልጆቼም፣ የልጅ ልጆቼም አይደርሱበትም።