አያ ዘለቀና የተፈታው ቺንጋ

በጎንደርና በአዲ አርቃይ መንገድ ማኪናቸውን የሚያውቅ ሁሉ ይስማ፤ ሾፌሩ አያ ዘለቀ ባለፈው እሑድ ረፋድ ላይ፣ ከደጃፋቸው ፀሐይ እየሞቁ ሳለ አርፈዋል። በማግስቱ ቁስቋም ቀበርናቸው። ዕድሜ ጠግበው፣ ልጆቻቸውን መርቀው የሄዱ ሰው ናቸውና ይህን የምጽፈው እያለቀስሁ አይደለም። እንዲያውም ፈገግ እያልሁ ነው፤ ለዚህም ጥፋተኛው እሳቸው ናቸው።

የተዋወቅነው በመካኒክነቴ ነው። ጣሊያን ጥሏት የሄደች አሮጌ የጭነት ማኪና ነበረቻቸው። ስትበላሽ እኔ ጋራዥ ትመጣለች፤ ደኅና ስትሆንም ትመጣለች። ምክንያቱም አያ ዘለቀ የሚነዱት ቺንጋውን፣ ማለት ዲናሞውን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ፈተው ነበር። ዲናሞ ማኪና ስትሄድ ባትሪዋን የሚሞላላት ዕቃ ነው፤ የሚዞረው በሞተሩ ጉልበት ስለሆነ ትንሽ ቤንዚን መብላቱ አይቀርም። ይህችን ትንሽ ነገር አያ ዘለቀ ሊታገሷት አልቻሉም። «ምነው፣ ደባል አስቀምጬ የምቀልበው?» ይሉና ቺንጋውን ጋራዤ ግድግዳ ላይ፣ ከሚስማር ሰቅለው በባትሪ ብቻ ይሄዳሉ።

«አያ ዘለቀ፣ ባትሪውን የምሞላልዎት እኔ አይደለሁም ወይ? የሚቆጥቡት እኮ ከእኔ መብራት ነው» እላቸዋለሁ።

«ታዲያ አንተ ወንድሜ አይደለህም?» ይሉኛል። ሙግቱ በዚሁ ያበቃል፤ በማግስቱ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ስስታም እንዳይመስሏችሁ ቶሎ ልናገር። ተረፈ ያሉትን ቤንዚን ከወንበራቸው ጀርባ ባለች ጀሪካን ያጠራቅሙ ነበር። ከእሷ ለጭነት አንዲት ጠብታ አይቀዳም። አዲ አርቃይ ውስጥ የታመመ ሰው ወይም ምጥ የጠናባት ሴት ስትኖር፣ ጎንደር ሆስፒታል ድረስ በነፃ የሚያመጡት በዚያች ቤንዚን ነው። «ይህች የበሽተኛ ናት፤ እኔም ብሆን አልነካትም» ይሉ ነበር።

አንድ ክረምት አብሬያቸው አዲ አርቃይ ወርጄ ልንመለስ ስንል፣ ምጥ ከያዛት የሰነበተች ልጅ እግር ሴት በቃሬዛ ተሸክመው አመጡ። ባሏ ደግፏት ከኋላ ተጫነ። እናቷ እመት ጥሩነሽም ተከተሉ፤ ባላቸው ሞተውባቸው ከል ለብሰው ነበር። አያ ዘለቀ ጀሪካኗን ገለበጡና ተነሣን።

ሊማሊሞ መካከል ስንደርስ ገና በቀኑ ጉም ወረደብን። መንገዱና ገደሉ አንድ ሆነ። መብራት ቢያበሩ ሞተሩ ይንተፋተፍ ጀመር፤ ባትሪው ደክሟል። መብራቱ ከበራ ሞተሩ ይጠፋል፣ ካልበራ ገደል መግባታችን ነው። ቺንጋው ደግሞ ጎንደር፣ ሚስማሬ ላይ ተሰቅሏል። ከኋላ ሴቲቱ ትጮኻለች። አያ ዘለቀን እንደዚያን ቀን ፈርተው አይቻቸው አላውቅም። ለእሷ ብለው የቆጠቡት ቁጠባ እሷኑ ሊገድላት ነው።

መብራቱን አጠፉ። እኔ ከፊት ልምራ ብዬ ወረድሁ፤ ጥቂት ራመድ እንዳልሁ «ተመለስ! ነጭ ጋቢህን ጉሙ በላው!» ብለው ጮኹብኝ። ያን ጊዜ እመት ጥሩነሽ ማንም ሳይጠራቸው ወረዱ።

«እኔ ጥቁር ለብሻለሁ፤ እኔን እያዩ ይንዱ» አሉ።

«ይችሉታል ወይ፣ እመት? ዳገቱ ረዥም ነው» አሉ አያ ዘለቀ።

«ልጄ እኮ ናት! ምነው የማልችለው?»

ያን የጠቆረ ጀርባ እያየን፣ በእግረኛ ፍጥነት ወጣን። አፋፉ ላይ ጉሙ ሲገፈፍ እመት ጥሩነሽ ውሃ ውስጥ የገቡ ይመስሉ ነበር። ደባርቅ ላይ ከሌላ ሾፌር ባትሪ ተውሰን ጎንደር ገባን፤ ሴት ልጅ ተወለደች። አያ ዘለቀ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመው የሕፃኗን ድምፅ ሲሰሙ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

በማግስቱ ቺንጋውን ከሚስማሩ ላይ አወረዱ። አደብ ገዙ ብዬ ደስ አለኝ። ለካስ ወደ አዲ አርቃይ ሲወርዱ ደባርቅ ላይ ቆመው ሊያስሩት፣ ሲመለሱ እዚያው ሊፈቱት ኖሯል! «ሊማሊሞ ላይ ሸጋ ብለሃል፤ ሜዳው ላይ ግን የረታሁ እኔ ነኝ» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ድል በእሳቸው ላይ አግኝቼ አላውቅም።

የቀብሩ ዕለት አስከሬናቸውን በዚያችው ማኪና ጭነን እኔ ነዳሁ። እመት ጥሩነሽ አሁን የሚኖሩት ጎንደር፣ ከልጃቸው ቤት ነው። ከላቸውን ካወለቁ ዓመታት አልፈዋል። ያን ቀን ግን እንደገና ለብሰው መጡ። የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ ከማኪናዋ ፊት ገቡና እስከ ቁስቋም መሩን። ቀኑ ብራ ነበር፤ መንገዱም ወለል ብሎ ይታያል። እኔ ግን ጀርባቸውን እያየሁ ነዳሁ።

አያ ዘለቀ፣ እንግዲህ በሰላም ይረፉ። ልጆችዎ ማኪናዋን ለእኔ አደራ ብለዋል። ጀሪካንዎን ከፍቼ አየሁ፤ ግማሽ ድረስ አለች። ቅዳሜ ይዣት አዲ አርቃይ እወርዳለሁ። ቺንጋውን ግን ከጎንደር ጀምሬ አስረዋለሁ፤ ቢቆጡም ይቆጡኝ። ጀሪካኗ አትጎድልብዎትም፤ ያንን ደባልዎን፣ ዲናሞውን፣ ከእንግዲህ ከኪሴ የምቀልበው እኔ ነኝ።